የመምህር ድንበሩን ሥራ ማን አዳነው?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ሳይርቅ፣ በወልቂጤ ከተማ ዳር ባለች አንዲት የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ድንበሩ የሚባሉ የሒሳብ መምህር ነበሩ። መምህር ድንበሩ ራሳቸውም ዓይነ ስውር ነበሩ። ኮምፒውተር የተማሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም እየተረዱ። ከለመዱት በኋላ ግን መጠቀም ብቻ አልበቃቸውም፣ ኮድ መጻፍ ጀመሩ። በአራት ዓመት ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ብሬይል፣ ዓይነ ስውራን በጣታቸው ወደሚያነቡት የነጠብጣብ ጽሑፍ፣ የሚመልስ ፕሮግራም ሠሩ።

ከዚያ በፊት አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ብሬይል እስኪገለበጥ ዓመት ይፈጅ ነበር። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ነጥብ በነጥብ ይወጋል። መጽሐፉ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ክፍሉን አልፈውታል። ፕሮግራሙ ከመጣ በኋላ ያው መጽሐፍ በሁለት ቀን ከማተሚያው ይወጣ ጀመር።

መምህር ድንበሩ ፕሮግራሙን አልሸጡትም። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠው ለሁሉም ክፍት አደረጉት፤ ማንም ሊወስደው፣ ውስጡን ሊያየው፣ ሊያሻሽለው ይችላል። የኮምፒውተር ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ኦፕን ሶርስ ይሉታል። ሌሎች አራት ትምህርት ቤቶችም ወስደው ይጠቀሙበት ነበር። አንድ ነገር ብቻ በእጃቸው ያዙ፤ የዋናውን ቅጂ ቁልፍ። ሰው ማሻሻያ ሲልክ ተቀብሎ ከዋናው ጋር የሚያዋህደው ወይም የሚመልሰው የዚያ ቁልፍ ባለቤት ነው። ቁልፉ ከአንድ ሰው እጅ ከወጣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ብሬይል ያትማል፣ የአንዱን ልጆች መጽሐፍ የሌላው ልጆች ማንበብ ያቅታቸዋል ብለው ይሰጉ ነበር።

በኅዳር ወር ታመሙ፣ ሕመሙም አላቆያቸውም። ከማረፋቸው በፊት ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን አጠገባቸው አስቀምጠው የቁልፉን የይለፍ ቃል ነገሯቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ለሦስት ለአራት ሰው አትበትኚው። አንድ ሰው ይያዘው። ሥራዬን ከመሞት ላዳነው ሰው ስጪው።»

እትዬ አስካለን ያን ጊዜ ነገሩ ብዙም አልከበዳቸውም። ሥራው ይሠራል፣ መጽሐፍ ይታተማል፣ ምን የሚድን ነገር አለ? አስበውትም አያውቁም ነበር።

በጥር ወር መጀመሪያ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተርና የብሬይል ማተሚያው አብረው ተቃጠሉ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ኸይረዲን እዚህም እዚያም ለምነው አዲስ ኮምፒውተርና አዲስ ማተሚያ አገኙ። የመምህር ድንበሩ ፕሮግራም ተጫነበት። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። የጽሑፍ ክፍሉ ሠራተኛ ገጹን በጣቷ ዳሰሰችና «ይሄ አማርኛ አይደለም» አለች። ቃላቱ መሐላቸው ላይ ተቆርጠዋል፣ የሒሳብ ምልክቶቹ ከፊደላቱ ጋር ተደበላልቀዋል፣ ቁጥሮቹ ቦታቸውን ለቀዋል።

በዚያው ሳምንት ፈተና ከሚያዘጋጀው ቢሮ ደብዳቤ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተናን ለተማሪዎቹ በብሬይል ማተም ከፈለገ፣ እስከ መጋቢት ሃያ ድረስ ሃያ ገጽ የሙከራ ጽሑፍ አትሞ ይላክ፤ ካልተላከ ወይም ስሕተት ከበዛበት ለእያንዳንዱ ተማሪ ፈተናውን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ይመደባል ይላል።

ለሚያይ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። በዚያ ዓመት ለሚፈተኑት ሠላሳ ሰባት ተማሪዎች ግን ትንሽ አልነበረም። አንባቢው ሲቸኩል ይቸኩላሉ፣ ሲደነቃቀፍ ይደነቃቀፋሉ፤ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልመለስ ሲሉ ሰው መለመን አለባቸው። አንዲት ተማሪ ስምንት ዓመት በጣቴ ተምሬ በሰው አፍ ልፈተን ነው ወይ ብላ አቶ ኸይረዲንን ጠየቀቻቸው።

አቶ ኸይረዲን ሦስት ሰዎች ጠሩ። አንዷ ፍሬገነት ናት፣ የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ሁለተኛው ሽብሩ፣ በከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምር። ሦስተኛዋ ሙኒራ፣ ያቺ ገጹን ዳስሳ አማርኛ አይደለም ያለችው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ተምራ ያደገች፣ ዓይነ ስውር፣ የሚታተመውን ሁሉ አንብባ የምታርም። ሦስቱም ሳያቅማሙ እሺ አሉ። ሥራውንም እዚያው ተካፈሉት።

ፍሬገነት የመምህር ድንበሩን ማስታወሻዎች ወሰደች። መምህሩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እያንዳንዱን የብሬይል አጻጻፍ ሕግ ለምን እንደደነገጉ ከነቀኑ በአንድ የማስታወሻ ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረዋል። ያን ፕሮግራም የሠራው ድርጅት ግን ከተዘጋ ቆይቷል። ላፕቶፑ ላይ ሲከፈት ፈቃድዎን ያድሱ ይላል፣ የሚያድስ ሰው ደግሞ የለም። ማስታወሻዎቹ እዚያው ተቆልፈው ቀሩ።

ፍሬገነት ከእንዲህ ያሉ የተቆለፉ ፕሮግራሞች ማስታወሻ የሚያወጡ ሦስት ነፃ መሣሪያዎች ኢንተርኔት ላይ አገኘች። አንዱን ዝም ብላ አልመረጠችም። ሠላሳ ማስታወሻ ለይታ ያንኑ ሠላሳ በሦስቱም አወጣች። የመጀመሪያው መሣሪያ ፈጣን ነው፤ ግን ቀኑን ይጥላል፣ ቅደም ተከተሉንም ያምሳል። ሁለተኛው ቀኑንም ማኅደሩንም ይጠብቃል፤ የአማርኛውን ፊደል ግን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ሦስተኛው ፊደሉን በደንብ ያወጣል፤ ድምፅ የተያያዘበት ማስታወሻ ሲያጋጥመው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መምህሩ ደግሞ ድምፅ መቅዳት ይወዱ ነበር።

ሽብሩ ሦስተኛውን ያዢ ብሎ መከራት። እሷ ሁለተኛውን መረጠች። የጠፋ ቀንም ሆነ ከነድምፁ የቀረ ማስታወሻ ከየትም አይመለስም፣ የተበላሸ ፊደል ግን ይታረማል ብላ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ውስጡን ከፈተችው። ፕሮግራሚንግ የተማረችው በራሷ ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀባት። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ከላቲን ውጭ ፊደል ይኖራል ብለው ያላሰቡበትን ቦታ አገኘችና አስተካከለችው። ማስተካከያውንም ለባለቤቶቹ ላከች፤ አመስግነው ተቀበሉት። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻዎች ከነቀናቸው ወጡ። ስድሳ አንዱ የግል ነበሩ። ፍሬገነት የመጀመሪያውን መስመር እንዳየች አቆመች፣ ለብቻ አድርጋም ለእትዬ አስካለ አስረከበች።

ሽብሩ ኮዱን ወሰደ። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ነበርና ማግኘቱ አላስቸገረውም። ማንበቡ ነው ያስቸገረው። መምህር ድንበሩ በጆሮ ስለሚሠሩ ረጅም ስም ያሰለቻቸዋል፤ ለእያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ሁለትና ሦስት ሆሄ ብቻ ስም ሰጥተውታል። ማብራሪያ የሚባል አንድም መስመር የለም። ማብራሪያው ማስታወሻው ውስጥ ነዋ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ክፍሎች፣ ማን ማንን እንደሚጠራ የሚናገር ሳይኖር።

እሱም ከኮድ ሰነድ የሚያዘጋጁ ነፃ መሣሪያዎችን አወዳደረ። በጣም የሚወደሰው ቆንጆ ድረ ገጽ ሠራለት፤ ገጾቹ ግን ባዶ ናቸው፣ ምክንያቱም ያ መሣሪያ የሚሰበስበው ጸሐፊው የጻፈውን ማብራሪያ ነው። ሌላው የክፍሎቹን ስም ዝርዝር ብቻ ሰጠው። አንድ ብዙም ስም የሌለው መሣሪያ ግን የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚጠራ በሥዕል አወጣ። ሽብሩ ሥዕሉን አትሞ በደስታ ይዞት መጣ። ሙኒራ ወረቀቱን ተቀብላ በእጇ ዳሰሰችው፣ ለስላሳ ነው። መለሰችለት። ሽብሩ አፈረ። ወደ ቤቱ ተመልሶ በመሣሪያው ላይ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ሥዕሉን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል እያሠራ፣ እየሞከረ፣ ምን እንደሚሠራ በገዛ እጁ ጻፈ። በሦስት ሳምንት የፕሮግራሙ ሙሉ ሰነድ ተጠናቀቀ። ከአሮጌው ማተሚያ ጋር የተሳሰሩት ዘጠኝ ክፍሎች ተለይተው ታወቁ፣ ሽብሩም ለአዲሱ ማተሚያ አስተካከላቸው። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ትርጉማቸው የማይታወቅ ቁጥሮች ነበሩ፤ የእነሱ ምክንያት የተገኘው ፍሬገነት ካወጣቻቸው ማስታወሻዎች ነው።

አሁን ማተሚያው አማርኛ ማተም ጀመረ። ቃላት አይቆረጡም፣ ቁጥሮች ቦታቸውን ያዙ። ፍሬገነትና ሽብሩ ሥራው አለቀ አሉ።

ሙኒራ አላለቀም አለች።

እሷ የወሰደችው ማስታወሻውን ከኮዱ ጋር የማመሳከሩን ሥራ ነበር። የፍሬገነትን ማስታወሻና የሽብሩን ሰነድ በብሬይል አትማ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። አንዱን በግራ እጇ፣ ሌላውን በቀኝ እጇ፣ ሕግን ከሕግ እያነጻጸረች ሄደች። ሃያ አምስቱ ሕጎች ገጠሙ። አንዱ አልገጠመም።

ያ ሕግ ስለሚጠብቁና ስለሚላሉ ፊደላት ነው። ዋና ብለን ስንጽፍ ውኃ ውስጥ የሚዋኘውም፣ ከሁሉ የሚበልጠውም ያው ነው። ገና ሲባል በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰ ነገር ከፊደሉ አይለይም። የሚያይ ሰው ዓይኑን ወደፊት ወርወር አድርጎ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ስለሚያየው አይቸገርም። ጣት ግን ወደፊት አያይም፤ ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። ተሳስቶ አንብቦ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ ነው ወደኋላ የሚመለሰው።

የመምህሩ ማስታወሻ የሚጠብቅ ፊደል ሁሉ ምልክት ይደረግበት ይላል። ለዚህም ለዓመታት የሰበሰቡት የቃላት ዝርዝር አለ። ከሥሩም ይህ ሕግ የመጨረሻ ነው፣ ምክንያቱ እዚህ ሳይጻፍ አይለወጥ የሚል ታክሏል። የተጻፈውም ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ኮዱ ግን አንድም ምልክት አያደርግም። ከሦስት ዓመት በፊት መምህሩ ራሳቸው ያንን ክፍል ዘግተውታል። ምክንያት አልጻፉም።

ሽብሩ የሰው የመጨረሻ ቃሉ የመጨረሻ ሥራው ነው አለ፤ ኮዱ ከማስታወሻው በኋላ የመጣ ስለሆነ እንደ ኮዱ ይሁን። ፍሬገነት አልተቀበለችውም። ያለ ምክንያት አይለወጥ ያሉ ሰው ያለ ምክንያት አይለውጡም፤ ለሙከራ ዘግተውት መልሰው መክፈቱን ረስተውት ይሆናል አለች። መጋቢት ሃያ ሊደርስ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ሙኒራ ከሁለቱም ጋር አልተከራከረችም። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገብታ ምልክቱ በነበረበት ዘመን የታተመ መጽሐፍና ምልክቱ ከቀረ በኋላ የታተመ መጽሐፍ አወጣች። ከስምንተኛ ክፍል ስምንት ተማሪዎች ጠርታ ከሁለቱም አስነበበቻቸው፤ ሰዓትም ያዘች። ምልክት በሞላበት ገጽ ላይ ማንም አልተሳሳተም፣ ግን ሁሉም ዘገዩ፤ መጽሐፉም በጣም ወፍሯል። ምልክት በሌለው ገጽ ላይ ፈጠኑ፣ ግን በየገጹ ሁለት ሦስት ቦታ እየተሳሳቱ ወደኋላ ተመለሱ።

ሙኒራ ያን ጊዜ በማስታወሻውም በኮዱም ውስጥ የሌለ ሦስተኛ መንገድ ያዘች። ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጣ፣ ከመምህሩ ትልቅ ዝርዝር ውስጥ ሰው የሚያሳስቱትን ብቻ ለየች፤ ሦስት መቶ አርባ ቃላት። በእነዚህ ቃላት ላይ ፕሮግራሙ ቆም ብሎ ፊደሉ ይጠብቃል ወይስ ይላላል ሲል የሚያትመውን ሰው ይጠይቅና የሚጠብቀውን ምልክት ያድርግበት፣ ሌላው ያለ ምልክት ይለፍ አለች።

ሽብሩ ቅር አለው። «ሙኒራ፣ ይሄ እኮ የጋሽ ድንበሩ ሥራ መሆኑ ቀረ» አላት።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እሳቸው የሠሩት ለልጆቹ ነው። ልጆቹ ደግሞ የመረጡት ይሄን ነው» አለች።

ፍሬገነትም ቅር ብሏታል፤ ሆኖም የተማሪዎቹን ሰዓት አይታ አልተቃወመችም። ሽብሩ በሰነዱ እየተመራ ያንን የተዘጋ ክፍል ከፍቶ በግማሽ ቀን አስተካከለው።

ሃያ ገጹ የሙከራ ጽሑፍ በመጋቢት አሥራ ስምንት ተላከ። የቢሮው አራሚዎች በሃያዎቹ ገጾች ሁሉ ውስጥ አንድ ስሕተት ብቻ አገኙ፣ እሱም ከጽሑፉ እንጂ ከብሬይሉ አልነበረም። ፈቃድ ተሰጠ። በሰኔ ወር ሠላሳ ሰባቱ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ወረቀታቸውን ፊት ለፊታቸው ዘርግተው፣ አዳራሹ ውስጥ የጣት እንቅስቃሴ ብቻ እየተሰማ ተፈተኑ። ያቺ አቶ ኸይረዲንን የጠየቀችው ልጅ ስትወጣ ሦስተኛውን ጥያቄ አራት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት እያለች ለጓደኞቿ ታወራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የቁልፉ ነገር የመጣው። አራቱ ትምህርት ቤቶች የተሻሻለውን ፕሮግራም ስጡን ብለው ጻፉ። የወልቂጤው ቅጂ ብቻውን ቢበተን ግን መምህሩ የሰጉት መለያየት ይመጣል፣ መታደስ ያለበት ዋናው ቅጂ ነው፤ እሱን የሚያድሰው ደግሞ የቁልፉ ባለቤት ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ሦስቱን ቤታቸው ጠሩ። የባለቤታቸውን ኑዛዜ ቃል በቃል ነገሯቸው። ከዚያ «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ሰው ግን አውቃለሁ። ዕውነቱን ንገሩኝ፣ ከሦስታችሁ ሥራውን ያዳነው ማነው?» አሏቸው።

ሦስቱም ይከባበራሉ። ግን አንዳቸውም ለይሉኝታ ብለው ወደኋላ አላሉም፤ ሥራቸውን ያውቁታልና።

ፍሬገነት ቀድማ ተናገረች። «ኮድ የትም ይጻፋል፣ እትዬ። ምክንያት ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። እኔ ያወጣሁት የእሳቸውን ሐሳብ ነው። ነገ አዲስ ማተሚያ ሲመጣ፣ አዲስ ሕግ ሲያስፈልግ፣ እሳቸው ምን ይሉ ነበር የሚለውን ማግኘት የሚቻለው እዚያ ነው።»

ሽብሩ ቀጠለ። ሐሳብ ብቻውን ገጽ አያትምም አለ። የሞተው ፕሮግራሙ ነበር፣ ያስነሳውም እሱ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ክፍሎች አንድ በአንድ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ከሱ ሌላ የለም። ቁልፉን የያዘ ሰው በየጊዜው የሚላከውን ማሻሻያ አንብቦ ይህ ይጠቅማል፣ ይህ ያበላሻል ማለት አለበት። «የማያነበውን ነገር እንዴት ይጠብቃል?» ብሎ ጨረሰ።

ሙኒራ መጨረሻ ተናገረች። ያለ ሁለቱ ምንም ማድረግ እንደማትችል አልሸሸገችም። ግን ሁለቱ ሥራው አለቀ ባሉበት ቀን ቢላክ ኖሮ ልጆቹ በየገጹ ሦስት ጊዜ እየተሳሳቱ ይፈተኑ ነበር አለች። «ጋሽ ድንበሩ ይህን የጀመሩት በጣታቸው ስለሚያነቡ ነው። የሚያይ ሰው ስሕተቱን አያየውም፤ እኛ ነን የምንደናቀፍበት። ቁልፉ ከሚያነብ ጣት ከወጣ ሥራው የሌላ ሰው ሥራ ይሆናል።»

እትዬ አስካለ የእያንዳንዳቸውን ድካም ያውቃሉ። ጉድለታቸውንም እንዲሁ። ፍሬገነት የባለቤታቸውን ምስጢር በእጇ ይዛ ሳታነብ የመለሰች ሰው ናት፤ ግን ከማስታወሻው ቃል ንቅንቅ ማለት ይከብዳታል፣ ማስታወሻውም ከዛሬ ጀምሮ አያድግም። ሽብሩ ሥራውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ግን አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ቀርቦለታል፣ እሄዳለሁም አልሄድም አላለም። ሙኒራ ሥራው ለማን እንደሆነ አንድም ቀን ረስታ አታውቅም፤ ግን ኮድ ለመጻፍ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋታል፣ አይለወጥ የተባለውንም ሕግ የለወጠችው እሷ ናት።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወሬው ተሰምቶ መምህራኑ ለሦስት ተከፈሉ። አቶ ኸይረዲን ሦስቱ በኮሚቴ ይያዙት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እትዬ አስካለ አንድ ሰው ይያዘው ነው ያለኝ ብለው አልተቀበሏቸውም።

የነሐሴ ወር እየተገባደደ ነው። መስከረም ሳይጠባ መጽሐፍ ማተም የሚጀምሩት አራቱ ትምህርት ቤቶች በየሳምንቱ ይደውላሉ። የይለፍ ቃሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ እትዬ አስካለ እጅ ላይ ነው፤ ከወረቀቷ ጀርባ የሚሞላ የአንድ ሰው ስም ብቻ ቀርቷል።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ተቀምጣችሁ ብትሆኑ፣ ያንን ስም ስትጽፉ የማንን ትጽፉ ነበር? የመምህር ድንበሩን ምክንያት ያተረፈችውን የፍሬገነትን ነው? እጃቸው የሠራውን ያስነሳውን የሽብሩን ነው? ወይስ ሥራውን ለውጣ ለአንባቢዎቹ ያበቃችውን የሙኒራን?